የብርቱካኑ ማሽን አልነሳም ያለበት ማክሰኞ

ረሖቮት፣ ጥር 28 ቀን 1984 ዓ.ም.
በዚህ አገር አቆጣጠር ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 6 ቀን 1992

ውድ አበራ፣

ደብዳቤዬን በሁለት ቀን መክፈቴ ለጌጥ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ዘለህ ግን አትውረድ። አውቅህ የለም እንዴ፣ ደብዳቤ ሲመጣልህ ማን ሞተ ብለህ ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው። ማንም አልሞተም። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጅህ ደህና ናት፣ አባቴም ጉልበታቸውን ከማማረር በቀር ደህና ናቸው። ሰላምታችን እንደ ዘንድሮው የረሖቮት ዝናብ ሳያባራ ይድረስህ።

በኅዳር የላክሃት ደብዳቤ ከመታወቂያዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ሦስት መስመር ሰላምታ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?» ከዚያ ፊርማ። እኔም ሦስት ደብዳቤ መለስኩልህ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ዕብራይስጡ፣ ስለ አባቴ ጉልበት። ጥያቄህን ግን በሦስቱም ዞሬ አለፍኩት። ዛሬ አላልፈውም። በመጀመሪያ ግን ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ልንገርህ፣ ያለ እሱ መልሱ ከአፌ አይወጣልኝም።

የልጅህን ነገር ላስቀድም። ይታየሽ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አሁን ስትስቅ ቁርጥ አባቴን ናት። ትምህርት ቤት ኢንባል ብለዋታል። «አባቷ ያወጣላት ስም አላት» ብዬ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጤ ከመምህርቷ ጋር ተሟገትኩ፤ ተሸነፍኩ። እዚያ ኢንባል፣ ቤት ስትገባ ይታየሽ ናት። በዕብራይስጥ ታወራኛለች፣ በአማርኛ እመልስላታለሁ። አንተን የምታነሳህ ግን በአማርኛ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት «አባዬ አሁን ምን እያደረገ ነው?» አለችኝ። «ማሽን እያስነሳ» አልኳት። ረክታ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

የምንኖረው ወንድሜ ማለደ ቤት ነው፤ ቂርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ማለደ በሱዳን በኩል ከመጣ ስምንት ዓመት ሆነው፣ አገሩን ለምዶታል። ቤቱ ለእኛ ሁሉ ጠባብ ነው፤ ግን አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብንም፣ እግዜር ይስጠው።

አሁን ወደ ሥራዬ። ኮምፒዩተር ክፍል ተቀጠርኩ ብዬህ ነበር። እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርኩህ። የተቀጠርኩት ለሙከራ ነው። ኒሳዮን ይሉታል፤ ሦስት ወር አይተው ወይ ቋሚ ያደርጋሉ፣ ወይ አመስግነው ያሰናብታሉ። የእኔ ሦስት ወር የሚሞላው በእነሱ ፌብሯሪ መጨረሻ ነው። ያልነገርኩህ እንዳትስቅብኝ ፈርቼ ነው። አዲስ አበባ ከአንተ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የማሽኑ ማዘዣ ኮንሶል ላይ ተቀምጬ እዚህ መጥቼ «ቴፕ እንዴት ይጫናል?» ተብዬ ልፈተን! ጫንኩላቸው እንጂ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጫንኩላቸው።

ይህ ሥራ ለምን እንደዚህ እንዳንገበገበኝም ልንገርህ። የቤተሰብ ጉዳይ የምታየው ሠራተኛ «ባሏን ለማምጣት የምታመለክት ሴት ቋሚ ሥራ ካላት ማመልከቻዋ ይጠነክራል» ብላኛለች። አንተ እመጣለሁ አላልክም። አውቃለሁ፣ አትቆጣ። ግን በሩ ተዘግቶ ከምታገኘው፣ ተከፍቶልህ «አልገባም» ብትል ይሻለኛል። ስለዚህ በዚህ ወር ቋሚ መሆን አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። እልኸኛነቴን ታውቀው የለ።

የሚሠሩበት ምን እንደሆነ ገምት እስቲ። ቪኤም! ያው የእኛው ቪኤም፣ ያው አረንጓዴ ፊደል። የገባሁ ቀን ስክሪኑን ሳየው የአገሬን ሰው ድንገት መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ። መጀመሪያ ያስተማርከኝ ትዝ ይልሃል? «ብረቱ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ማሽን አለ። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ እንዳለ ቁጠሪው። እያንዳንዱ ግቢው በሙሉ የእኔ ነው ብሎ ያምናል፣ ጎረቤቱን አያይም።» እኔም ይህንኑ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«የሌለ ማሽን ነው በይኛ» አሉ።

«አለ አባዬ፣ ግን አይዳሰስም።»

«አይ ማንተ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በዚህ ዝናብ የምትሮጪው ለማይዳሰስ ማሽን ነው?» ብለው ቀኑን ሙሉ ሳቁብኝ።

የእኛ ግቢ ሰባት ተከራይ አለው። ሰባተኛው የብርቱካኑ ማሽን ነው። በዙሪያችን ያሉ የብርቱካን ማሸጊያዎች ሁሉ ከየትኛው እርሻ ስንት ሣጥን እንደመጣ፣ በየትኛው መርከብ እንደሚጫን የሚመዘግቡት እሱ ላይ ነው። አሁን ደግሞ የለቀማው ወቅት ነው። መርከቡ አሽዶድ ወደብ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጭነት ወረቀቱ ከእኛ ካልወጣ ግን አንዲት ሣጥን አትጫንም።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናቡ ልክ አልነበረውም። ዘንድሮ ኢየሩሳሌም በረዶ ጥሎባታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ቢሉ መገናኛ ላይ አውቶቡሶቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ቀሩ። እኔ በእግሬ ደረስኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ተመልሶ መጣ፣ ማሽኑ ግን ወድቋል። ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ ሚሪ የምትመጣው ነስ ጺዮና ከምትባል ከተማ ስለሆነ ጎርፉ መንገድ ላይ ይዟታል። ፕሮግራመሩ ኤይታን ገና አልገባም። ሲስተሙን ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቀው ኢላን ደግሞ ሚሉዊም ላይ ነው፤ እዚህ በየዓመቱ ከሥራው ጠርተው ለጥቂት ሳምንት ወታደር ያደርጉታል፣ ባለሱቅም ሁን ፕሮፌሰር አይቀርልህም።

ብጠብቃቸው ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ግን አንተ «ኦፕሬተር የሚታወቀው መብራት ሲጠፋ ነው» ትል አልነበር? እጅጌዬን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። ዋናው ማሽን ተነሳ። አንደኛው ተከራይ ተነሳ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ስድስቱም አንድ በአንድ ተነሱልኝ። ልቤ ሞቀ፣ ማንጎራጎር ሁሉ ጀምሬ ነበር። ሰባተኛው ጥቂት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ፊደል ማውረድ ጀመረ፣ አወረደ፣ አወረደ፣ ከዚያ ቀጥ። አንዲት ኮድ ጽፎ ቆመ። እንደገና አስነሳሁት። አሁን እንኳ ጥያቄም አልጠየቀኝ፣ ዝም ብሎ ሄዶ እዚያው ቦታ፣ ያችው ኮድ ላይ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ያው ነው።

ኤይታን ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ችኩል። ኮዷን አየና «ዲስኩ ሞቷል» አለ። «መብራቱ ሲሄድ ነው ያበላሸው። ያላ፣ ከቴፕ እንመልሰው!»

«ቴፑ የመቼ ነው?» አልኩት።

«የሐሙስ።»

አስበው አበራ! የማሽኑ ቅጂ ቴፕ ላይ የሚወሰደው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነው። የሐሙሱን ከመለስነው የእሑድና የሰኞ ብርቱካን፣ ሁለት ቀን ሙሉ የተመዘነው፣ ድራሹ ይጠፋል። ማሸጊያዎቹ የጫኑትን ሣጥን ከመኪና አውርደው እንደገና ሊቆጥሩ ነው፤ መርከቡ ደግሞ የሚሄደው ማታ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚሪ ደረሰች። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሴት ናት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ስልኩን አነሳች፤ ከአሽዶድ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ወረቀቱ ካልወጣ ጭነቱ ይቀራል አሏት። በእኛ ስምንት ነው የምልህ፣ በእነሱ ሁለት።

«ማነው ያስነሳው?» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ልትጠብቀን ትችል ነበር» አለ ኤይታን። የተናገረው ለእሷ ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ያን ጊዜ ነገሬ ሁሉ እንዳበቃለት ገባኝ። ቋሚ ሥራ፣ ማመልከቻ፣ አንተ፣ ሁሉም በአንዲት ጠዋት ውሃ ሊበላው ነው። ፈራሁ? አዎ ፈራሁ። ግን ስፈራ እንደምናደድ ታውቃለህ። «ቴፑን አትጫኑ» አልኩ። «አንዴ ከተጫነ መመለሻ የለውም። ጊዜ ስጡኝ።»

ሚሪ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «ስንት ደቂቃ?»

«ሠላሳ።»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ሠላሳ። ኤይታን፣ ቴፑን አዘጋጅ፣ ግን እጅህን ሰብስብ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ ዋጥኩት።

መጀመሪያ ዲስኩን። እውነት ሞቶ ከሆነ ማንም ሊያነበው አይችልም። በሦስተኛው ተከራይ በኩል፣ ለማንበብ ብቻ፣ የብርቱካኑን ዲስክ አያያዝኩት። ተነበበ! የሰኞ ሣጥኖች ከነእርሻቸው፣ ከነክብደታቸው ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። «ዲስኩ አልሞተም» አልኩ። ኤይታን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ደህና ልጅ ነው፣ ሲሳሳት አይከራከርም።

ታዲያ ዲስኩ ደህና ከሆነ ምን ያቆመዋል? አሥር ደቂቃ አለቀች። እጄ ቁልፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ደግሜ ላስነሳው ምንም አልቀረኝም። ያን ጊዜ ድምፅህ መጣብኝ። «በጣትሽ ሳይሆን በዓይንሽ ጀምሪ። ወረቀቱን ከላይ አንብቢ።» ስንቱን ሰው ተቆጥተህበታል፣ ሁሉም የመጨረሻዋን መስመር አይቶ ይሮጣል እያልክ። እዚህም ኮንሶሉ ላይ የተጻፈውንና ማሽኑ የመለሰውን ሁሉ የሚያትም ማተሚያ አለ። ወረቀቱ ከኋላ ሣጥን ውስጥ እየተጣጠፈ ይወርዳል፤ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጎትቼ አወጣሁት፣ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፣ ተንበርክኬ መብራት ከመጣበት ጀመርኩ። ዋናው ማሽን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ስድስተኛ። ሰባተኛው ጋ ደረስኩ። «ቀን አስገባ» ብሏል ማሽኑ። ከሥሩ የእኔ መልስ፦ 05/26/84።

ወይ ጉዴ! እንደተንበረከክሁ ደርቄ ቀረሁ።

ገባህ አይደል? አምስተኛ ወር፣ ሃያ ስድስተኛ ቀን፣ ሰማንያ አራት። ጥር 26 ቀን 1984። የእኛን ቀን ነው ያስገባሁለት! እዚያ የደመወዙን ማሽን በአገራችን አቆጣጠር እናስነሳው የነበረው ትዝ አይልህም? ለእሱ ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን ስለሌለው ጥቅምት ሲያልቅ የሚያስቸግረን፣ ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ስለሚል ነሐሴ ሠላሳ ላይ ገትረን አምስት ቀን የምናስተኛው? እኔና አንተስ ወሬ የጀመርነው ማሽኑ በማያውቃቸው በእነዚያ አምስት ቀናት አይደል፣ ሥራ ፈትተን ተቀምጠን።

እዚህ በገባሁባቸው ሁለት ወራት መብራት ጠፍቶ አያውቅም፤ ጥያቄውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ስድስቱ ተከራዮች ቀኑን ራሳቸው ከብረቱ ይወስዳሉ። የብርቱካኑ ግን አሮጌ ነው፤ እንደ ደመወዛችን ማሽን፣ ሲገባ አንዴ ይጠይቅና ከዚያ የተነገረውን ይዞ ይቀራል። ያው ጥያቄ፣ በዚያው አረንጓዴ ፊደል። እኔ ሳላስብ ጣቴ መለሰለት። ምስኪኑ ማሽን መዝገቡን ሲገልጥ ትናንት በ92 ብርቱካን መዝኗል፤ ዛሬ ገና 84 ነው ተብሏል። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚለቀም ብርቱካን አሁን ሣጥን ውስጥ ሲያገኘው ይህንስ አላምንም ብሎ ቆመ። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እቆማለሁ።

መድኃኒቱ ደጋግሞ ማስነሳት አልነበረም። ተከራዩን ከግቢው ጨርሶ አስወጥቶ እንደ አዲስ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ የሰማውን ረስቶ እንደገና ይጠይቃል። አስወጣሁት። አስገባሁት። «ቀን አስገባ» አለ። 02/04/92። ይታየሽ ፊደል ስትጽፍ እንደምታደርገው በአንድ ጣት፣ ቁጥር በቁጥር ጻፍኩት። ፊደል አወረደ፣ ኮዷ የምትወጣበት መስመር ላይ ደረሰ፣ አለፋት። ተነሳ!

«ኮል ሃካቮድ!» ብሎ ኤይታን አጨበጨበ። «ጎበዝ! ምን አደረግሽው?»

አስወጥቼ አስገባሁት ብል አልዋሸሁም። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። አጣጥፌ ወደ ሣጥኑ ብመልሰው ማን ያነበዋል? ዓመት ሙሉ ያላነበበው ዛሬ አያነበውም። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ማሽን ያዳነች ሴት ተብዬ ቋሚ እሆናለሁ፣ ማመልከቻውም ይጠነክራል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝ። አልደብቅህም፣ ጣቴ ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር።

ግን አንድ የስልክ ጥሪ ትዝ አለኝ። የትኛው እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ እመጣበታለሁ። ሁለተኛ እንደዚያ አላደርግም አልኩ። ወረቀቱን ሚሪ ፊት ዘርግቼ ጣቴን መስመሯ ላይ አሳረፍኩ።

«ስህተቱ የእኔ ነው። ቀኑን በአገሬ አቆጣጠር ነው ያስገባሁት።»

መነጽሯን አደረገች፣ አነበበች። «ሰማንያ አራት?»

«እኛ ዘንድ ሰማንያ አራት ነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ኤይታን ሳቁ አመለጠው። «እዚያ ብሆን ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ማለት ነው! ጦር ሠራዊት እንደገና ልገባ ነው፣ ኧረ አልፈልግም!» ሚሪ አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀችና «ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» አለች። «አዎ» አልኳት። «በይ መጀመሪያ ወረቀታቸው ይውጣ» ብላ ወደ ስልኩ ዞረች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻው የጭነት ወረቀት ወጣ። መርከቡም ማታ ብርቱካኑን ይዞ ሄደ።

ትናንት ሚሪ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ተመስግኜ እንዳይመስልህ። «ያዳንሽውም አንቺ ነሽ፣ ያቆምሽውም አንቺ ነሽ። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ» አለች። ሙከራዬን ሌላ ሦስት ወር ጨመረችበት፣ እስከ ግንቦት። ከዚያ አንድ ባዶ ደብተር ሰጠችኝ። መብራት ሲጠፋ ሰባቱ ማሽኖች እንዴት እንደሚነሱ እኔ እየተናገርኩ ኤይታን በዕብራይስጥ እንዲጽፈው አዘዘች። ዛሬ ጀምረነዋል። የመጀመሪያው መስመር «ምንም ሳትነካ ወረቀቱን ከላይ አንብብ» ይላል። ያንተ ቃል ነው፣ ሳላስፈቅድህ ሰጠኋቸው።

ከቢሮዋ ስወጣ እንባዬ መጥቶ ነበር። ደግሞ ሦስት ወር! አውቶቡስ ጥበቃ ቆሜ አለቀስኩም። በኋላ ማለደን አሰብኩት፤ ከጎንደር ሱዳን በእግሩ የገባ ሰው እህት ሆኜ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስት ወር መጠበቅ ያቅተኛል? አያቅተኝም። ዛሬ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ።

ግንቦትን ካነሳሁ አይቀር፣ አሁን ወደ ጥያቄህ መጣሁ።

ያለፈው ግንቦት 16፣ አርብ ነበር። አዲስ አበባ ዛሬ ነገ ይተኮስባታል ተብሎ፣ አንተ ማሽኑን ሊዘርፉት ይችላሉ ብለህ ከክፍሉ ካልወጣህ ሦስተኛ ቀንህ ነበር። የዚህ አገር ሰዎች እኛን በአውሮፕላን ሊወስዱን ወደ ኤምባሲያቸው ጠሩን፣ አሁኑኑ፣ ሻንጣ ሳትይዙ ብለው። አባቴ ከጎንደር መጥተው የጠበቁት ያችን ቀን ነው። በትራቸውን ይዘው፣ የይታየሽን እጅ ይዘው መንገድ ላይ ቆመዋል። ከጥጉ ሱቅ ስልክ ደወልኩልህ።

«ምነው፣ ደህና ናችሁ?» አልከኝ።

«ደህና ነን። ልጅቷን ይዤ አባቴ ዘንድ ላድር ነው» አልኩህ።

«ጥሩ አድርገሻል፣ በር ዝጉ» አልከኝ። ዘጋሁት። ሌላ የተባባልነው የለም።

አበራ፣ ያልነገርኩህ ንቄህ አይደለም። ሃይማኖትህ ሌላ ስለሆነም አይደለም፤ ያንን ያለህን ሰው አትስማው። ብነግርህ «ቅሪ» ትለኝ ነበር። «ቅሪ» ብትለኝ ደግሞ እቀር ነበር። ሽማግሌውን አባቴን ብቻቸውን ሰድጄ፣ ከአንተ ጋር እቀር ነበር። ያንን ስለማውቅ ፈራሁህ። አንተ የምትወስነውን ውሳኔ ሰርቄህ ሄድኩ፣ በማግስቱ ባዶ ቤት አገኘህ። ስህተቱ የእኔ ነው። ይኸው ወረቀቱ፣ ጣቴም መስመሯ ላይ ነው። ይቅር በለኝ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ስምንት ወር ከምናምን ፈጀብኝ።

ሚሪ ትናንት ሌላም ነገር ጠይቃኝ ነበር። «እዚህ ከመጣሽ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖሽ፣ የዚያን አገር ቀን እንዴት እንደዚህ በቃልሽ አወቅሽው? ሳታስቢ እንኳ?» አባቴ በየማለዳው ይጠይቁኛል አልኳት። አባቴ አይጠይቁም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጽ አለ። ቋሚ ሥራ እስክይዝ ላቆየው ብዬ ነበር፤ አላቆየውም። ደካማም ቢሆን ይግባ፣ ግንቦት ላይ የእኔ ነገር ሲቆም ይጠነክራል። የእኔን ክፍል በሙሉ ሞልቻለሁ። ያንተ የቀረው ስምህና ፊርማህ ነው። በዚህ ጊዜ ሳትጠየቅ የሚሆን ነገር የለም። ባትፈርም አልቀየምህም እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል፤ እቀየማለሁ። ግን ልጅህ ልጅህ ናት፣ ፎቶህም ከአልጋዋ ራስጌ አይወርድም።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። የክፍሉን ልጆች ሁሉ እንደየስማቸው ሰላም በልልኝ። ይታየሽ ጥርስ በሌለው አፏ ጉንጭህን ስማሃለች። አባቴም «ያ ደግ ልጅ» ብለውሃል። የአባቶቼም የአባቶችህም አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፤ መብራትህ አይጥፋ፣ ቢጠፋም የሚያስነሳልህ እጅ አትጣ።

ሚስትህ
ማንተገብሽ ጋሻው

ማስታወሻ፦ ቅጹ ላይ ከፊርማህ ጎን ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ። በራስህ አቆጣጠር ጻፈው። እኔ እቀይረዋለሁ።